ተመልሶ የሚያይ ምሕረት

በትኩሳት የነደደ፣ እጅና እግሩ ግን የቀዘቀዘ ሕፃን የታቀፈች እናት ወደ ድንገተኛ ክፍል ስትገባ፣ የነርሷ እጅ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። የደም ሥሩን በጣቷ ዳብሳ ታገኛለች፤ ካኑላውን አስገብታ በፕላስተር ታጣብቃለች፤ ጉልኮሱን ሰቅላ ጠብታው እንዲፈጥን መቆጣጠሪያውን ትከፍታለች። እናትየዋ ልጇ ሰው እጅ በመግባቱ እፎይ ትላለች። ነርሷም የምታደርገው ሁሉ ለልጁ ሕይወት እንደሆነ ከልቧ ታምናለች። እንግዲህ ያ ፈጥኖ የወረደ ፈሳሽ ልጁን ጎድቶት ቢሆንስ? የነርሷን ሥራ መልካም ሥራ እንለዋለን? የሰው ሥራ የሚመዘነው በልቡ አሳብ ነው ወይስ በሥራው ፍሬ የሚለው የፈላስፎችና የሃይማኖት ሊቃውንት የጥንት ጥያቄ፣ እዚህ ላይ ከመጽሐፍ ወጥቶ በአንድ ሕፃን ክንድ ላይ ያርፋል። ነርሶች ሥራቸውን በምርምር ማስረጃ ይምሩ ሲባል ብዙዎቻችን የምንሰማው የአስተዳደር መመሪያ ነው። እኔ ግን ነገሩ የፍቅር ጉዳይ ነው እላለሁ። ማስረጃ መፈለግ የርኅራኄ አንዱ ግዴታ ነው፤ እርሱ ሲጎድል ርኅራኄው ራሱ ይጎድላል።

ምሳሌው ለክርክር ሲባል የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ብርቱ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። ከሦስቱ ሁለት እጅ ያህሉ በሕክምናው ዓለም በተለመደው መንገድ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በፍጥነት ተሰጣቸው። ሌሎቹ ያ ቀርቶባቸው በዝግታ የሚወርደውን ፈሳሽና መድኃኒታቸውን ብቻ አገኙ። ፈጣን ፈሳሽ ያገኙት ይበልጥ ይድናሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በ48 ሰዓት ውስጥ ግን ከእነርሱ ከመቶ ከ10 በላይ ሲሞቱ፣ ፈሳሹ ከቀረባቸው መካከል የሞቱት 7.3 ከመቶ ነበሩ። ጥናቱም የታቀደው የሕፃናት ቁጥር ሳይሞላ እንዲቆም ተደረገ። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካው ሌላ ነገር ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲታዩ የደም ዝውውራቸው የተሻሻለው ሕፃናት በብዛት የተገኙት ፈጣን ፈሳሽ ከወሰዱት ዘንድ ነበር። አልጋው አጠገብ የቆመች ነርስ በዓይኗ ያየችው መሻሻልን ነው። እጁ ሞቀ፣ የልብ ምቱ ተስተካከለ፣ እርሷም ወደ ሌላው ሕፃን አለፈች። ሞቱ የመጣው ዓይኗ ከተነሣ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳት የአንድ ሰው ዓይን፣ የቱንም ያህል ንቁ ቢሆን፣ ብቻውን ሊያየው አይችልም።

«ሳታውቅ ያደረገችው ነው፣ ምን በደል አለባት?» የሚል ሰው እውነት አለው። ማንም ሊያውቀው ባልቻለበት ዘመን ፈሳሹን የሰጠችውን ነርስ የሚከስስ ሕሊና የለም። ይሁንና አለማወቅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሊታወቅ ካልቻለው ነገር ሌላ፣ ሊጠየቅ ሲቻል ሳይጠየቅ የቀረ ነገር አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን በሆዳቸው እንዲያስተኙ ይመከሩ ነበር። ምክሩ ከታወቁ ሐኪሞች መጻሕፍት ይወጣ ነበር፤ በየማዋለጃው ያሉ ነርሶችም ሕፃናቱን በዚያው መንገድ እያስተኙ ለእናቶች ያሳዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የቀደሙትን ጥናቶች አንድ በአንድ ሰብስበው የመረመሩ ሰዎች ግን፣ በሆድ መተኛት ለድንገተኛ ሞት እንደሚያጋልጥ የሚያሳየው ማስረጃ በ1970 ተሟልቶ እንደነበር አገኙ። በብሪታንያ «በጀርባቸው አስተኟቸው» የሚለው ሰፊ ዘመቻ የተጀመረው በ1991 ነው። በመካከሉ ባለፉት ሃያ ዓመታት፣ በብሪታንያ ብቻ ከ10,000 በላይ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ አካባቢ ደግሞ ቢያንስ 50,000 ሕፃናትን ማትረፍ ይቻል እንደነበር ተመራማሪዎቹ ገምተዋል። ማንም እነዚያን ሕፃናት ሊጎዳ አልፈለገም። የጎደለው የተበተነውን ማስረጃ ሰብስቦ የሚያነብ ሰው ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዊልያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ድርሰት ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ይናገራል። ሰውየው መርከቡ እንዳረጀች ያውቃል፤ ጥርጣሬውን ግን በመልካም ተስፋ አፍኖ መንገደኞችን ጭኖ ይልካታል፤ መርከቢቱም ትሰጥማለች። ሰውየው ደህና ትደርሳለች ብሎ ማመኑ የእውነት ነበር። ሆኖም እምነቱን ሳይመረምር የያዘ በመሆኑ፣ መርከቢቱ በደኅና ብትደርስ እንኳ በደለኛ ነው ይላል ክሊፎርድ። ይህን ፍርድ በሰው ሁሉ እምነት ላይ ማንሣት ሊከብድ ይችላል፤ ፈላስፎችም ተከራክረውበታል። የሌላ ሰው ነፍስ ለተጫነበት እምነት ግን ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። እኔ በራሴ አካል ላይ ያልተፈተነ ነገር ባምን ጉዳቱ የራሴ ነው። ራሱን መከላከል በማይችል ታማሚ አካል ላይ ስሠራበት ግን እምነቴ የግሌ መሆኑ ያበቃል።

የሉቃስ ወንጌል የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ዘወትር የሚሰበከው የልብ ደግነት ምሳሌ ሆኖ ነው። ታሪኩን ቀስ ብሎ ላነበበው ግን ሳምራዊው የሚያደርገው ነገር በዝርዝር የነርስ ሥራ ነው። በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን ያፈሳል፤ ያ በዘመኑ የታወቀ የቁስል መድኃኒት ነበር። ያስረዋል፣ በአህያው ላይ ያስቀምጠዋል፣ እንግዶች ማደሪያ አድርሶ ሌሊቱን ይጠብቀዋል። በማግስቱ ሁለት ዲናር ለማደሪያው ጠባቂ ሰጥቶ ሲሄድ፣ ተመልሶ እንደሚመጣና የጎደለውን እንደሚሞላ ቃል ይገባል። ሰባኪዎች በገንዘቡ ላይ ይቆማሉ፤ እኔ መመለሱ ላይ መቆም እወዳለሁ። ሳምራዊው ደግ ሥራ ሠርቻለሁ ብሎ በልቡ ረክቶ አልሄደም፤ ያ የቆሰለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ሊያይ ይመለሳል። ማስረጃ ማለት ይህ መመለስ ነው። አንድ ነርስ ለሺህ ሕፃናት የሰጠችውን ፈሳሽ ተመልሳ ማየት ስለማትችል፣ ጥናቱ ስለ እርሷና እንደ እርሷ ስላሉት ሁሉ ሆኖ ተመልሶ ይጠይቃል፤ «ልጆቹ እንዴት ሆኑ?» ይላል።

የነርሲንግ ሙያ እናት የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ታላቅነቷ በዚህ መመለስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1854 ከ38 ነርሶች ጋር ወደ ስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ከደረሰች በኋላ ፋኖስ ይዛ ሌሊት በየአልጋው የምትዞረው ሴት ምስል በዓለም ሁሉ ታወቀ። ፋኖሱ ግን ሞትን አላስቆመም። በየካቲት 1855 ከታካሚዎቹ ከመቶ ከ40 በላይ ይሞቱ ነበር። በመጋቢት ከለንደን የመጡ የንጽሕና ባለሙያዎች የቆሻሻ መውረጃውን አስጠርገው አየር ማስገቢያ ካስከፈቱ በኋላ፣ በሰኔ ሞቱ ወደ 2 ከመቶ ገደማ ወረደ። ከጦርነቱ በኋላ ናይቲንጌል ከስታቲስቲክስ ሊቁ ከዊልያም ፋር ጋር ቁጥሮቹን ስትመረምር፣ ብዙዎቹ ወታደሮች የሞቱት ከቁስላቸው ይልቅ መከላከል በሚቻል በሽታ እንደሆነ አየች፤ በ1858 በቀለማት በከፈለችው ሥዕላዊ መግለጫም ለመንግሥት አሳየች። በእምነቷ ጽኑ የነበረች ሴት ናት። በገዛ እጇ የሠራችበትን ሆስፒታል በቁጥር ፊት አቅርባ ማስመርመሯ እምነቷን አልቀነሰውም።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ቁጥር ፊት የለውም፤ አልጋው ላይ የተኛው ግን ስምና እናት ያለው ሰው ነው፤ ነርስ በአማካይ ማሰብ ከጀመረች ሰውየውን አታየውም ይባላል። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ገበታ እየሞላች ታማሚውን ቀና ብላ የማታይ ነርስ መኖሯን ማን ይክዳል? ሆኖም ቁጥሩ ራሱ ከሰው የተሠራ ነው። በፈሳሹ ጥናት በ10.5 እና በ7.3 ከመቶ መካከል ያለው ልዩነት፣ ከመቶ እናቶች ሦስቱ ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤት መመለስ አለመመለሳቸው ነው። ደግሞም ማስረጃ ሁልጊዜ ከማሽንና ከመድኃኒት ጎን አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ማሞቂያ ያጠረው ሆስፒታል ክብደታቸው ዝቅ ያለ ጨቅላዎችን በእናቶቻቸው ጡት መካከል፣ ገላ ለገላ አድርጎ ማቆየት ጀመረ። የካንጋሮ እንክብካቤ የተባለው ይህ መንገድ ለብዙ ዓመታት የድሃ አገር ማካካሻ ተደርጎ ታይቷል። በ2021 ውጤቱ የታተመና በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ 3,211 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ግን፣ ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ ከእናት ገላ ያልተለዩት ሕፃናት በ28 ቀን ውስጥ 12.0 ከመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ እስኪረጋጉ የተጠበቁት 15.7 ከመቶ መሞታቸውን አሳየ። እናትን ከልጇ የሚለየውን የሆስፒታል ሕግ የረታው ቁጥር ነው። የእናት ዕቅፍ ማስረጃ ባይቆምለት ኖሮ ከማሽኑ በታች እንደተቆጠረ ይቀር ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ከእኛው ወገን ይመጣል፤ ጥናቱ የሌላ አገር ነው፣ ለእኛ ምኑ ነው? ይህንም በቁም ነገር መውሰድ ይገባል። የእትብት ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። በኔፓል ተደርጎ በ2006 የታተመ ጥናት እትብትን ክሎርሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ መድኃኒት መቀባት የጨቅላዎችን ሞት እንደሚቀንስ አሳየ። ከአሥር ዓመት በኋላ በዛምቢያና በፔምባ ደሴት ተደርገው የታተሙ ጥናቶች ግን ሞትን አልቀነሰም አሉ። እንግዲህ ከኔፓል የመጣውን ውጤት እንደ ቃል ኪዳን ተቀብሎ በየቦታው መትከል ስሕተት ነው። ይህን ስሕተት የገለጠልን ግን በአፍሪካ ምድር የተደረገ ሌላ ጥናት እንጂ ጥናትን መናቅ አይደለም። ያ የፈሳሹ ጥናትም በተቅማጥ ውኃው ያለቀበትን ሕፃን አላካተተም፤ ስለዚህ ውጤቱን ይዞ ለእንዲህ ያለው ሕፃን ፈሳሽ መከልከል ሌላ ጥፋት ይሆናል። ማስረጃ «በማን ላይ ታየ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱንም ከራሳችን ማውጣት እንችላለን፤ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል 123 ጨቅላዎችን ያካተተና በ2005 የታተመ የካንጋሮ እንክብካቤ ጥናት ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

በሃይማኖት በኩል የሚነሣው ተቃውሞ ይበልጥ ጥልቅ ነው። ልጅ ሲሞት «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን፤ ቃሉ ያዘነችን እናት ያጽናናል፣ ማጽናናቱም ይገባዋል። በለቅሶ ቤት የሚያጽናናው ቃል በዋርድ ውስጥ የጥያቄ መዝጊያ ሲሆን ግን ቦታውን ስቷል። ሕይወት የእግዚአብሔር ከሆነች በእጃችን ያለችው በአደራ ነው፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም አማና ይሉታል። አደራ የተቀበለ ሰው የተቀበለውን ይቆጥራል፣ የጎደለውን ይመረምራል። ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመካሁ የሚልን ሰው የእስልምና ትምህርትም ይገሥጸዋል። እነዚህ ጥናቶች እንዳደረጉት ሕፃናትን በዕጣ ከፍሎ ማጥናትስ በነፍስ መጫወት አይደለምን? የተሻለውን እያወቁ ዕጣ መጣል በእርግጥ ኃጢአት ነው። በእውነት በማናውቅበት ጊዜ ግን ዕጣ የራሳችንን አድልዎ መተው ነው፤ ሐዋርያትም የይሁዳን ቦታ ለመሙላት በሁለት ብቁ ሰዎች መካከል ዕጣ ጥለዋል። ሁለቱም ታላላቅ ጥናቶች፣ የፈሳሹም የካንጋሮውም፣ እውነቱ እንደተገለጠ፣ ቁጥራቸው ሳይሞላ ቆመዋል። ባለማወቅ የተፈቀደው ዕጣ በማወቅ ይከለከላል።

ይህ ሁሉ ሸክሙን በአንዲት ነርስ ጫንቃ ላይ ብቻ ለመጫን አይደለም። ለሠላሳ ታካሚ ሁለት ሆና የምታድር ተረኛ፣ ጥናት ታንብብ ብሎ መፍረድ ግፍ ነው፤ የማንበቢያ ሰዓት፣ የሚጠየቅ ኃላፊ፣ የማይቀጣ ጥያቄ ሊሰጣት ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ሞቱን የሚደብቅ ዋርድም ትምህርት አይገኝለትም። የብዙ ዓመት ልምድ ያላት ሲስተር «እኛ እንዲህ ነው የምንሠራው» ስትል አዲሷ ነርስ «ሲስተር፣ ለምን ይሆን?» ብትላት ድፍረት መባል የለበትም፤ ልምድ የጥያቄ ምንጭ ሲሆን ከሁሉ የከበረ ነው፣ የመጨረሻ ዳኛ ሲሆን ግን በሆዳቸው እንደተኙት ሕፃናት ያስከፍላል። ለመጀመርም ብዙ አያስፈልግም። ጉልኮሱን የከፈተችው ነርስ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች፤ ትንፋሹን ትቆጥራለች፣ ጉበቱን ትዳብሳለች፣ በካርዱ ላይ ሰዓቱን ጽፋ በርክክብ ጊዜ ለተረኛዋ ትናገራለች። ያቺ ተረኛ ደግሞ ማለዳ ተመልሳ ታያለች። የሺዎቹ ሕፃናት ጥናት የተሠራው ከእንዲህ ያሉ መስመሮች ነው፤ እያንዳንዱን መስመር የጻፈችው ወደ አልጋው የተመለሰች ነርስ ናት።