ጠያቂ አያሳጣህ

"ጠያቂ አያሳጣህ" የሚል ምርቃት አለን። ልብ ብላችሁ ከሆነ "አትታመም" አይልም። መታመም አይቀርም፤ ብቻህን ግን አትሁን ነው ነገሩ። ደግሞም ዘመድ ሞልቶት ጠያቂ ያጣ ስንት ሰው አለ! ታዲያ ለመሆኑ ጠያቂ የሚገባው ማነው? የታመመ ሁሉ ነው ወይስ አኗኗሩ የተስማማን ብቻ?

ይህ ጥያቄ ክፉኛ የተፈተነበት አገር አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1981 የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል አንድ አጭር ዘገባ አወጣ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አምስት ወጣት ወንዶች ብዙ ባልተለመደ የሳንባ ምች ታመዋል፤ ሁለቱ ዘገባው ሲወጣ ሞተዋል። አምስቱም የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ያላቸው ነበሩ። በሽታው ያኔ ስም እንኳ አልነበረውም። ፍርሃቱ ግን ከስሙ ቀደመ። አከራይ ከቤት አስወጣ፣ ቤተሰብ በር ዘጋ። የሆስፒታል ሠራተኛ የምግቡን ትሪ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ የሄደበት ጊዜ ነበር። አስከሬን አንቀበልም ያሉ ቀባሪዎችም ነበሩ።

እንግዲህ ዘመድ ሲሸሽ ምን ተደረገ? በጃንዋሪ 1982 ኒውዮርክ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው "ጌይ ሜንስ ሄልዝ ክራይሲስ" የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። አንድ በጎ ፈቃደኛ የቤቱን ስልክ ለሕዝብ ሰጠ፤ በመጀመሪያው ሌሊት ብቻ ከመቶ በላይ ሰው ደወለ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ "ባዲ"፣ ማለትም አንድ ጓደኛ፣ መመደብ ጀመሩ። ባዲው ሐኪም አይደለም። ገበያ ይሄዳል፣ ሾርባ ይሠራል፣ ዕቃ ያጥባል። አንዳንዴም ዝም ብሎ አጠገቡ ይቀመጣል።

በ1983 በሳን ፍራንሲስኮ ጠቅላላ ሆስፒታል ለነዚህ ሕሙማን ብቻ የሚሆን ክፍል ተከፈተ፤ "5ቢ" ይባል ነበር። ክፍሉን ያደራጀው ነርስ ክሊፍ ሞሪሰን ሲሆን ነርሶቹ በሽተኛውን ያለ ፍርሃት ይዳስሱ፣ እጁን ይይዙ ነበር። ቤተሰቡ ማን እንደሆነ የሚናገረውም በሽተኛው ራሱ ነው። በዚያው ዓመት ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሴቶችን የሚያፈቅሩ ሴቶች ተሰልፈው ደም ሰጡ፤ ሕሙማኑ ደም ይፈልጋሉ፣ የወንዶቹን ደም ግን የሚቀበል አልነበረም።

እድር ነው እኮ ይሄ! ልዩነቱ የኛ እድር በአብዛኛው የሚነቃነቀው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። ኤድስ ወደ እኛም መጥቶ የለ? የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ኢትዮጵያ ውስጥ የታወቁት በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ሳህንና ብርጭቆ የተለየበት፣ የሞቱ ምክንያት በሹክሹክታ የሚነገርበትን ዘመን የማያስታውስ ማን አለ? አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው በሕይወት ያለውን በሽተኛና ወላጅ አልባውን መደገፍ የጀመሩት ያኔ ነው። የተገለለ ሰው ይደበቃል፤ የተደበቀ ሰው አይመረመርም፣ አይታከምም። ይህንን ከማንም ተውሰን አይደለም ያወቅነው።

ብቸኝነት ራሱ ጤና ይነሳል። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት 148 ምርምሮችን አገናዝቦ ነበር፤ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱባቸው። ከሰው ጋር የጠነከረ ግንኙነት ያላቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው 50 በመቶ ያህል የላቀ ሆኖ ተገኘ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የምንለው ተረት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በ2020 ኮሮና መጥቶ "ቤታችሁ ተቀመጡ" ሲባል ለብዙዎቻችን ቤት መጠለያ ነበር። የሚደበቀው ከገዛ ቤተሰቡ ለሆነ ወጣት ግን ቤቱ ራሱ መገለያው ነው። ስልክ አንስቶ እንዳይናገር ግድግዳው ሁሉ ጆሮ አለው። አሜሪካ ውስጥ ከ1998 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ወጣቶችን የሚረዳው "ትሬቨር ፕሮጀክት" ከስልክ ሌላ በጽሑፍ መልእክትም መልስ የሚሰጥ መሆኑ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በሰማንያዎቹ ጓደኞቻቸውን ቀብረው፣ ልጅም ሳይወልዱ ያረጁት ደግሞ ሌላ ወረርሽኝ በየቤታቸው ዘጋባቸው።

"ታዲያ ብጠይቀው አኗኗሩን ደገፍኩ ማለት አይደለም ወይ?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሰው ሃይማኖት አለው፣ ኅሊና አለው። በኛ አገር ሕጉም፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629፣ ድርጊቱን ይከለክላል። ግን እስቲ እናስብ። በምሳ ዕቃ ስንቅ ቋጥራ ወደ እስር ቤት የምትሄደውን እናት "ልጅሽ የተከሰሰበትን ነገር ትደግፊያለሽ?" ብሎ የሚጠይቃት አለ? ፍቅርን ከወንጀል ጋር ላመሳስል አይደለም። ማለት የፈለግሁት፣ በኛው ባህል ጥየቃ ፍርድ ሆኖ አያውቅም። የትኛውም ሕግ ቢሆን "የታመመ አትጠይቁ" አይልም። በሃይማኖት በኩልም ቢሆን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሽተኛን እንዲጠይቅ ታዟል፤ ትእዛዙ የበሽተኛውን ጠባይ አስቀድመህ መርምር አይልም።

"እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ" የሚለውም መልስ አይሆንም። የኒውዮርኮቹ ባዲዎች የሠሩት ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን ከሚጠይቁት በሽተኛ ብዙው እናትና ወንድም ነበረው። እነሱ የከፈሉት የሌላ ሰው ዕዳ ነው። ዕዳውን ሌላ ሰው ስለከፈለው ባለዕዳው ነጻ ወጣ ማለት አይቻልም።

ከኛም ልጆች መካከል፣ አገር ቤትም ሆነ አሜሪካና እስራኤል፣ በዚህ ምክንያት ከቤተሰብ የተቆራረጡ አሉ። ስማቸው በበዓል ቀን አይነሳም፤ ሲታመሙም የሚሰማ የለም። ለእነዚህ ሰዎች ክርክራችንን እስክንጨርስ ድረስ ጠብቁ ማለት አይቻልም፤ ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል፣ በሽታ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። በነገሩ ባይስማማም "ደህና ነህ ወይ? በላህ ወይ?" ብሎ መደወል የሚችል ወንድም ወይም አክስት በየቤቱ አይጠፋም። ስለ ሌላው ነገር በኋላም መነጋገር ይቻላል።