በድንጋይ ላይ ያልተጻፉ ስሞች

የምንኖርባት ሞያሌ የጦርነትን ጠባሳ የምታውቅ ከተማ ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ 1940 የኢጣሊያ ጦር ከእንግሊዞች እጅ ወሰዳት፤ በየካቲት 1941 እንግሊዞች መልሰው ያዟት። በሁለቱም ወገን አፍሪካውያን ተሰልፈው ነበርና፣ አፍሪካዊ በአፍሪካዊ ላይ ለባዕድ ሰንደቅ ዓላማ ተኰሰ።

ከምእመናን ጋር ወደ ናይሮቢ በወረድን ጊዜ፣ አስጐብኚ ይዘን በኬንያታ ጎዳና በ1928 የቆመውን የአንደኛውን የዓለም ጦርነት መታሰቢያ አየን። ከነሐስ የተሠሩ ሦስት ሰዎች ቆመውበታል፤ አንዱ ጭነት ተሸካሚ ነው። አስጐብኚው ታሪኩን ሲጨርስ አንዲት እናት፣ «ስማቸውስ ማን ይባላል?» ብለው ጠየቁ። ሐውልቱ ለሁሉም የቆመ እንጂ የማንንም ስም የያዘ አይደለምና መልስ አልተገኘም።

የጦር መቃብሮችን የሚጠብቀው የኮመንዌልዝ ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ በዚያ ጦርነት የሞቱ ቢያንስ 116,000 ሰዎች፣ አብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች፣ በስማቸው እንዳልታሰቡ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል።

እንግዲህ ሐውልት መጐብኘት ከንቱ ነውን? አይደለም። ነገር ግን የተቀረጸውን አድንቆ መመለስ ብቻውን ሟቹን ማክበር አይደለም። መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው ያውቃል፤ እርሱን የምንከተል እኛ ሰውን በቍጥር ብቻ ልናስበው አይገባንም። በየቤታችን ያሉ ሽማግሌዎች የወታደርና የተሸካሚ አባቶቻቸውን ስም ያስታውሱ ይሆናል። ሳያልፉ ጠይቀን እንጻፍ፤ ከድንጋይ ላይ የቀረው ስም ከልጅ ልጆቹም አፍ እንዳይጠፋ።