ባሕሩ እስኪመለስ ተቀመጡ

ልጄ፣ ከባለቤትህ ጋር ዛንዚባር ልትሄዱ ማሰባችሁን ስሰማ ደስ አለኝ። ከሠርጋችሁ ወዲህ ሁለታችሁም ሩጫ ላይ ናችሁ። የቤት ኪራይ አለ፣ ልጅ አለ፣ ሥራ አለ፣ እቁብና ዕድር አለ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። አሁን ጥቂት ቀን ልታርፉ ነው። ይገባችኋል። ገንዘቡም ከእቁብ ዕጣችሁ መሆኑን ስሰማ ይበልጥ ደስ ብሎኛል። በብድር የሄዱበት እረፍት ሲመለሱ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እናንተ ከዚህ ድናችኋል።

ነገር ግን ያሳየኸኝ ፕሮግራም አሳሰበኝ። ጠዋት የቅመም እርሻ፣ ከሰዓት በኋላ ስቶን ታውን። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ዶልፊን ፍለጋ ኪዚምካዚ፤ ከዚያ ቀያዮቹ ጉሬዛዎች ያሉበት የጆዛኒ ጫካ፤ ከዚያ ግዙፎቹ ኤሊዎች ያሉባት ቻንጉ ደሴት፤ ማታ ጀልባ ላይ እራት። ሁለታችሁ ዝም ብላችሁ የምትቀመጡበት አንድ ሰዓት ፈልጌ አጣሁ። ልጄ፣ ይህ ሥራ ነው። ቢሮ የለመድከውን ሥራ ይዘኸው ልትሄድ ነው።

ለምን እንዲህ እንዳደረግህ ይገባኛል። ቲኬቱ ውድ ነው፣ ሆቴሉ የሚከፈለው በዶላር ነው። አንድ ቀን ሳይጎበኝ ካለፈ ገንዘብ የፈሰሰ ይመስልሃል። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ግን ልብ ያልከው አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ አብረው የሮጡ ባልና ሚስት ባዶ ሰዓት ያስፈራቸዋል። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የሚያነጋግር ጉዳይ አይጠፋም። ሞግዚቷ ልትሄድ ነው፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረ፣ ውሃ መጣ፣ መብራት ሄደ። ይህ ሁሉ ሲወሰድ ባልና ሚስት ትንሽ ይተፋፈራሉ። አዎ፣ ይተፋፈራሉ። በዚህ ጊዜ አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ሌላው «ዛሬስ የት እንሂድ?» ይላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለእናንተም እንዲህ ይሆኑ ይሆናል። ሰውነት ሩጫ ለምዶ በአንድ ጊዜ ቁም ሲሉት እሺ አይልም። ያለ ምክንያት ትነጫነጫለህ። እሷም ዝም ትላለች። በምን ተቀየመች እያልክ ትጨነቃለህ። አትጨነቅ። «ምን ሆነሻል?» እያልክ ደጋግመህ አትጠይቃት። አጠገቧ ተቀመጥ። ሻይ አስመጣላት። አብራችሁ ዝም በሉ። ዝምታው መጀመሪያ ይከብዳል፣ ቆይቶ ይቀላል። ከቀለለ በኋላ ደግሞ ቤት ውስጥ ጊዜ ያጣው ወሬ ራሱ ይመጣል። እሷ ስለ እናቷ የሆነ ነገር ትነግርሃለች፤ አንተ ስለ ሥራህ ሳትናገር የቆየኸውን ትናገራለህ። ያን ሰዓት አስጎብኚው በር ላይ ቆሞ «መኪና ደርሷል» ሲል ታጡታላችሁ። የምለምንህ ይህን ሰዓት እንዳታጣው ነው።

ማረፊያችሁን በምሥራቁ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ ላይ መያዛችሁን አይቻለሁ። ጥሩ መርጣችኋል፤ ግን የቦታውን ጠባይ አስቀድማችሁ እወቁ። ሳያውቅ የሄደ ሰው እዚያ ይናደዳል። ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት ባሕሩ የለም። ትናንት ማታ ደጁ ድረስ መጥቶ የነበረው ውሃ ወደ ውስጥ ሸሽቶ፣ እስከ ሩቅ ድረስ እርጥብ አሸዋ ብቻ ይታያል። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። ማዕበሉ በሩቅ፣ የኮራሉ ድንጋይ ላይ ሲሰበር እንደ ነጭ መስመር ይታያል። ሰውየው «ለዚህ ነው እንዴ የከፈልኩት?» ብሎ ሆቴሉን ይቆጣል። ሆቴሉ ምን ያድርግ? ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ጨረቃ ናት የምትስበው። ሰዓቱም አንድ ቦታ አይቆምም፤ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ሽሽቱ ይበረታል። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ ሰው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ይሄዳል፤ እዚያ ውሃው ያን ያህል አይርቅም።

እናንተ ግን ጃምቢያኒ ሁኑ። ባሕሩ ሲሸሽ የሚታይ ነገር አለ። የመንደሩ ሴቶች ረጅም ልብሳቸውን ለብሰው፣ ራሳቸውን ሸፍነው ወደ አሸዋው ይወርዳሉ። እዚያ አጫጭር እንጨቶች ተተክለዋል፤ በእንጨቶቹ መሃል ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዱ ላይ ቁራጭ ቁራጭ የባሕር አረም ታስሯል። ሴቶቹ ውሃው ውስጥ ቁጭ ብለው አንዱን ይፈታሉ፣ አንዱን ያስራሉ። ያደገውን በጆንያ ሞልተው ይሸከሙና ደጃቸው ላይ ያሰጡታል። ይህ ሥራ ለገበያ የተጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ነው። ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ማወፈሪያ የሚሆነው ነገር ከእሱ ይወጣል። አሁን ውሃው እየሞቀ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት እየሞተባቸው ይቸገራሉ። ሥራቸው የሚጀመረው ባሕሩ ሲፈቅድ ነው። ሲመለስ ደግሞ ትተው ይወጣሉ። ሠራተኛ ሰው ሆነው መጠበቅ ያውቃሉ። አንተም ሠራተኛ ልጅ ነህ፤ መጠበቅ አያቅትህም። በርቀት ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ከፈቀዱላችሁ ቀርባችሁ ሰላም በሏቸው። ሳታስፈቅዱ ስልክ አትደግኑባቸው። እናትህ እርሻ ላይ ጎንበስ ብላ ሳለ እንግዳ መጥቶ ፎቶ ቢያነሳት ደስ ይልህ ነበር?

ስለ ፎቶ ካነሳሁ አንድ ልጨምር። አሸዋው ላይ ቀይና ብርቱካናማ የባሕር ኮከቦች ታገኛላችሁ። ሰው ሁሉ ከውሃ እያወጣ እጁ ላይ አስቀምጦ ፎቶ ይነሳል። እንስሳት ናቸው፤ ከውሃ ሲወጡ ይጎዳሉ፣ ይሞታሉም። ባሉበት ተዋቸው። ዶልፊኑንም እስቲ አስብበት። ኪዚምካዚ ላይ ጀልባዎች እየተሽቀዳደሙ ይከቧቸዋል፤ እነሱ ሲሸሹ ሰው ከላያቸው ይዘላል። ያንን ጠዋት ሰርዘው። ባለቤትህ ትተኛ። ለስንት ጊዜ ሌሊት ተነስታ ልጅ ስታባብል የኖረች ሴት ናት። ማንም ሳይቀሰቅሳት ትተኛ።

አሁን ደግሞ ስለ ጊዜው ልንገርህ። ለፋሲካ ብንሄድስ ብላችሁ ነበር። ተው። እዚያ ትልቁ ዝናብ፣ ማሲካ የሚሉት፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ይወርዳል። ፋሲካ ማለት መሃሉ ነው። የሚዘጉ ሆቴሎችም አሉ። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ጭጋግና ጭቃ ሲሆን፣ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ነው። ልጁም ትምህርት ቤት ተዘግቶለት አያቱ ጋ መቆየት ይችላል። ፍልሰታ ላይ ከወደቀባችሁና የምትጾሙ ከሆነ አትስጉ፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ ፍራፍሬ ሞልቷል። ጉዟችሁ ረመዳን ላይ የሚገጥም ከሆነም አስቀድማችሁ እወቁ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። እነሱ ጾመው ሲውሉ መንገድ ላይ ቆሞ መብላትና መጠጣት ነውር ነው። ይህን ለአንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ጾም ባለበት ቤት ነው ያደግኸው።

ልብስም እንደዚያው። የዋና ልብስ ለባሕሩና ለሆቴሉ ነው። መንደር ውስጥም ሆነ ስቶን ታውን ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ይህ ለአንተም ነው፤ ወንድ ሆኖ ያለ ሸሚዝ ገበያ መግባት ጥሩ አይደለም።

ስቶን ታውንን አንድ ቀን ስጡት። አንድ ሙሉ ቀን፣ ያለ ጥድፊያ። በጠባቡ መንገድ ውስጥ ጥፉ፤ የተቀረጹትን በሮች እዩ፤ ማታ ፎሮዳኒ አትክልት ቦታ የሚጠበሰውን ብሉ። ከተማው በ2000 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የባሪያ ገበያው የነበረበትንም ቦታ ሄዳችሁ እዩ። ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት በ1873 (እ.ኤ.አ.) ዘጋው፤ በቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራበት። ከዚያ ስትወጡ ወዲያው ወደ ሌላ ጉብኝት አትሂዱ። አንድ ቦታ ተቀመጡና ያያችሁትን ተነጋገሩ።

እዚያ የሚደነቅ ነገር ታገኛላችሁ፤ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ቀኑን ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ። ባለታክሲው በስዋሂሊ ሦስት ሰዓት ካለህ የኛው ሦስት ሰዓት ነው። ሆቴሉ ግን በፈረንጅ ሰዓት ይሠራል። ስለዚህ ስትቀጣጠሩ በየትኛው እንደሆነ ጠይቅ። አለበለዚያ ባለቤትህ ሻንጣ ይዛ ስድስት ሰዓት ስትጠብቅ ትውላለች።

ስለ ፀሐዩና ስለ ባሕሩ አደራ እላለሁ። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ የኖርን ሰዎች ፀሐይ እናውቃለን ብለን እንኮራለን። የባሕሩ ግን ሌላ ነው፤ ከውሃውም ከአሸዋውም እያንጸባረቀ ይመለሳል፤ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ መቃጠልህን የምታውቀው ማታ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ጥላ ፈልጉ፤ ክሬሙን ደጋግማችሁ ተቀቡ፤ ውሃ ጠጡ። ዋና የማትችል ከሆነ ሳታፍር ለጀልባው ሰው ንገረው። ከእኛ ሰው ስንቱ በኀፍረት ዝም ብሎ ጥልቅ ውሃ ላይ ይሳፈራል! ላይፍ ጃኬት ካልሰጣችሁ አትሳፈሩ። ከፍላችሁም ቢሆን ውረዱ። ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ ስትሄዱ ጫማ አድርጉ፤ መርፌ የመሰለ እሾህ ያለው ፍጥረት ድንጋዩ ሥር አለ፤ እግር ከወጋ እረፍቱ በሙሉ በማንከስ ያልፋል።

ወረቀቱን በጊዜ ጨርስ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። የዛንዚባር የጉዞ መድን ደግሞ ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ወዲህ ግዴታ ሆኗል፤ ሌላ መድን ቢኖራችሁም የእነሱን መግዛት አለባችሁ፤ 44 ዶላር ነው በሰው። የወባ ትንኝም ጨርሶ አልጠፋችም፤ አጎበሩን ዘርግታችሁ ተኙ።

የቢሮውን ስልክ ነገር ለብቻው ልናገር። «አስቸኳይ ከሆነ ብቻ ደውሉ» ብለህ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ይህን ያለ ሰው ሁሉ ይደወልለታል፤ ለቢሮ ሁሉም ነገር አስቸኳይ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባህን ወክል፤ ስሙን ጽፈህ ተው፤ ከዚያ ስልኩን ዝጋ። ከልጁ ጋር የምትነጋገሩበትን አንድ ሰዓት ለዩ፤ ማታ ከመተኛቱ በፊት ይሁን። ሁለታችሁም አብራችሁ አዋሩት። ከዚያ ስልኩ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ሚስት የምታዝነው ባሏ ስለደከመ አይደለም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ሌላ ቦታ ሲሆን ነው። ልማዱ ደግሞ ይዛመታል። ዛሬ አንተ በእራት ላይ ስልክ ካየህ ነገ እሷም ታያለች፤ ከነገ ወዲያ ልጁም ያየዋል።

እንግዲህ ያንን ፕሮግራም አምጣውና አብራችሁ ሰርዙት። አንተ ብቻህን አትሰርዝ፤ እሷ ማየት የምትፈልገው ይኖራል፤ እሱ ይቆይ። የቅመም እርሻውን ወድዳዋለች መሰለኝ። እሱንና ስቶን ታውንን ያዙ፤ የቀረው ባዶ ይሁን። ባዶ መሆኑ ቢያሳፍርህም ተወው።

መመለሻችሁንም ከአሁኑ አስተካክለው። እሑድ ማታ ቦሌ ገብተህ ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንዳትገኝ። አንድ ቀን ለቤታችሁ አስቀሩ፤ ልብሱ ይታጠብ፣ ልጁ ይጥገባችሁ። ልጁን የጠበቀችውን አማትህንም አትርሳ። ከመመለሳችሁ በፊት ዳራጃኒ ገበያ ሂዱና ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ሄል ግዙላት። ሻጩን ያለ ጥድፊያ ተከራከሩት፤ ባለቤትህ ከአንተ የተሻለ ዋጋ ስለምታስቀንስ ለእሷ ተውላት።