ወጊ በሬና የኪስ ሽጉጥ

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ያለው ሕግ፣ በሬው ወጊ መሆኑ ተነግሮት ሳለ ባለመጠበቁ ሰው የሞተበትን ባለቤት በነፍስ ይጠይቃል። ጥፋቱ በሬ ማርባቱ ሳይሆን እያወቀ ችላ ማለቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኪስ ሽጉጥ ስለ መያዝ የሚከራከሩ አማኞች ይህን ሕግ ቢያጤኑት እወዳለሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ከቤት ውጭ ታጥቆ የመሄድን መብት አጽንቷል፤ መብት ግን የኅሊናን ጥያቄ አይዘጋም። ትንሽ ሽጉጥ ብርቱ ክትትል ይፈልጋል፤ የኪስ ብናኝ ውስጡ ይገባል፣ ላብ ብረቱን ያዝገዋል፣ አጭር እጀታው በደንብ ካልተጨበጠ ቀለሁን ሳይተፋ ሊነክስ ይችላል። ሩገር የተባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ኤል ሲ ፒ የተባለ የኪስ ሽጉጥ በዚያው ዓመት ለጥገና የጠራው፣ ጥይት እንደጎረሰ ቢወድቅ ሊተኩስ ስለሚችል ነበር። እንግዲህ የታጠቀ ሰው ሽጉጡን በሚይዘው ጥይት ደጋግሞ መሞከር፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ መወልወል፣ ምላጩን በሚሸፍን ማኅደር መያዝ፣ ከቁልፍና ከሳንቲም መለየት ግዴታው ነው።

ክርስቶስ በጌቴሴማኒ ሰይፍ የመዘዘውን ደቀ መዝሙር ከልክሎ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ከባድ ተቃውሞ ነው፤ ፈጽሞ አልታጠቅም የሚለውንም ከልቤ አከብራለሁ። ሆኖም ተቃውሞው የታጠቀውን ከጥንቃቄ ነጻ አያወጣውም። ሽጉጥን አስተማማኝ ማድረግ ለመግደል መዘጋጀት ነው ለሚሉም መልሴ፣ ብልሹ ሽጉጥ ምሕረት አያውቅም የሚል ነው፤ ባለቤቱ ሲፈልገው ዝም ብሎ፣ ሳይፈልገው የገዛ ልጁን ሊመታ ይችላል። አስተማማኝነት ያለ ሰው ፈቃድ አለመተኮስንም ይጨምራል።