ምርጫው ሲያልፍ ወዳጅነት ይቀራልን?

በአንዲት የሰሜን አሜሪካ ከተማ፥ ኢትዮጵያውያን ካቶሊካውያን በሚሰበሰቡበት ማኅበረ ምእመናን ውስጥ ሁለት አበልጆች አሉ። በአንድ ዘመን ከአገራቸው የተሰደዱ፥ የባዕድ አገርን የመጀመሪያ ክረምት በአንድ የኪራይ ክፍል ያሳለፉ፥ ኋላም አንዱ የሌላውን ሴት ልጅ ክርስትና አንሥቶ በጥምቀት የተዛመዱ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2020 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በተደረገ ጊዜ የልጅቱ አባት በማኅፀን ያለ ሕፃን ሕይወት በሕግ ሊጠበቅ ይገባል ብሎ ለአንደኛው ዕጩ፥ የክርስትና አባቷ ደግሞ ስደተኛ ከልጆቹ ሊለይ አይገባም ብሎ ለሁለተኛው ዕጩ ድምፃቸውን ሰጡ። የቆጠራው ውጤት እስኪታወቅ አራት ቀን ፈጀ። በእነዚያ የጭንቀት ቀናት ሁለቱ በስልክ ሲነጋገሩ አባትየው «የሕፃናት ደም አለብህ» አለው፤ አበልጁም «አንተ ደግሞ የመጣህበትን መንገድ የረሳህ ሰው ነህ» ሲል መለሰለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቅዳሴ ጊዜ አንዱ ከፊት፥ ሌላው ከኋላ መቆም ጀመሩ።

የጠባቸው ምክንያት ገንዘብ ወይም ቅናት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። እነርሱ ግን የተጣሉት ስለ ደግ ነገር ነው። ሁለቱም ደካማ ለሆነ ሰው ጠበቃ ሆነው ሳሉ እርስ በርሳቸው ተጎዳዱ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ከባድ በደል ነው ብለን የምናምንበትን ነገር ለሚደግፍ ዕጩ ድምፁን ከሰጠ ሰው ጋር በወዳጅነት መኖር ይቻላልን? ቢቻልስ ያ ወዳጅነት እውነትን መክዳት አይሆንምን?

አንባቢ ይህን የሩቅ አገር ወሬ ነው ብሎ እንዳያልፈው እንለምናለን። በአገራችን ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ምክር ቤት እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ ባይሆንም፥ የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫንና ከእርሱ በኋላ የፈሰሰውን ደም የሚያስታውስ ሁሉ፥ የፖለቲካ ልዩነት ከአደባባይ ተነሥቶ እስከ ቤተሰብ ማዕድ ድረስ እንደሚዘልቅ ያውቃል። ከቤተ ዘመዳችንም ብዙዎች በውጭ አገር ስለሚኖሩ፥ የዚያ አገር ምርጫ የእኛም ቤት ጭንቀት ሆኗል።

የፕሬዚዳንት ምርጫ ከሌላው ምርጫ ይልቅ ወዳጅነትን የሚፈትንበት ምክንያት አለው። በምክር ቤት ምርጫ የተሸነፈው ወገን ቢያንስ ጥቂት መቀመጫ ያገኛል፤ የፕሬዚዳንቱ ወንበር ግን አንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጆርጅ ቡሽና አል ጎር ሲወዳደሩ የአገሪቱ ዕጣ በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት ላይ ወደቀ። በዚያ ከተሰጠው ወደ ስድስት ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ መካከል የልዩነቱ መጠን 537 ብቻ ሆኖ ተመዘገበ፤ ሕዝቡም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ እስኪሰማ ድረስ ከአንድ ወር በላይ በጭንቀት ጠበቀ። ቁጥሩ እንዲህ ሲቀራረብ፥ ሚዛኑን የደፋው የወዳጄ ድምፅ ነው ብሎ ማሰብ ይመጣል። ዜናውን ሌሊትና ቀን የሚከታተል ሰው ደግሞ ቁጣው ሲሞላ የሚያወርድበት ትከሻ ይፈልጋል። ዕጩው ሩቅ ነው፤ ወዳጁ ግን ቅርብ ነው። ስለዚህ ለዕጩው የተዘጋጀው ቃል በወዳጁ ላይ ያርፋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፥ ምርጫው አልፎ ቃሉ ይቀራል።

ለዚህ ችግር ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። የመጀመሪያው «ፖለቲካ የዓለም ነገር ነውና አናንሣው፤ ሆድ ይፍጀው» የሚል ነው። ይህ መልስ ሰላማዊ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ፥ ከላይ ከጠቀስነው ከ2020ው ምርጫ አንድ ወር ቀደም ብለው በአሲዚ በፈረሙት «ፍራቴሊ ቱቲ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፥ ፖለቲካ የፍቅር ሥራ የሚፈጸምበት ከፍ ያለ ጥሪ መሆኑን አስተምረዋል። ስለ ሕፃኑና ስለ ስደተኛው ዝም ማለት ለወዳጅ ሲባል ሦስተኛውን ሰው መተው ነው። ከዚህም በላይ፥ ወዳጄ እውነትን ሊሰማ አይችልም ብዬ ስለ ፈረድሁበት ብቻ ዝም ብል፥ ወዳጄን አከበርሁት ሊባል አይችልም፤ ንቄዋለሁ እንጂ።

ሁለተኛው መልስ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ «ለክፉ ነገር ድምፁን የሰጠ ሰው ክፉ ነው፤ ከእርሱም መለየት ይገባል» ይላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ለእውነት መቅናታቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን በምርጫ ወረቀት ላይ ስም እንጂ ምክንያት አይጻፍበትም። የሥነ ምግባር መምህራን፥ አንድ ሰው ክፉውን ነገር ራሱን ፈልጎ ሲተባበርና ክፉውን ሳይፈልግ በሌላ ከባድ ምክንያት በሩቁ ሲነካካ ያለውን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2004፥ በኋላ ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ የተባሉት ካርዲናል ራትሲንገር ለአሜሪካ ጳጳሳት በላኩት ማስታወሻ ይህንኑ ልዩነት በምርጫ ጉዳይ ላይ አውለውታል። ፅንስ ማስወረድን ስለሚደግፍ ብሎ ዕጩን የሚመርጥና፥ ያን አቋም እየተቃወመ በተመጣጣኝ ሌላ ምክንያት የሚመርጥ ሰው ጥፋታቸው አንድ እንዳልሆነ አስረድተዋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ከሲንጋፖር ሲመለሱ በአውሮፕላን ውስጥ ስለ አሜሪካ ምርጫ ተጠይቀው፥ ስደተኛን ማባረርም ሆነ ሕፃንን በማኅፀን መግደል ሁለቱም ሕይወትን የሚቃወሙ መሆናቸውን ተናገሩ፤ የትኛው ጉዳት እንደሚያንስ ግን እያንዳንዱ በኅሊናው አመዛዝኖ ድምፁን እንዲሰጥ መከሩ።

ይህ ማለት ሁሉም አሳብ እኩል ነው ማለት አይደለም። ኅሊና ሊሳሳት ይችላል፤ ምክንያታችንም ተመጣጣኝ ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የወዳጄን ስሕተት ልፈርድ የምችለው ምክንያቱን ከሰማሁ በኋላ ነው፤ ምክንያቱን ለመስማት ደግሞ ወዳጁ ሆኜ መቆየት አለብኝ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ስላላት ተልእኮ በሚናገረው ሰነድ፥ ምእመናን በአንድ ጉዳይ ላይ በቅን ልቡና የተለያየ አሳብ ሊኖራቸው እንደሚችል፥ ማንም ለራሱ አስተያየት ብቻ የቤተ ክርስቲያንን ሥልጣን ሊጠቅስ እንደማይገባው፥ ይልቁንም በቅን ውይይት አንዱ ለሌላው ብርሃን እንዲሆን አዝዟል። እንግዲህ ወዳጅነት እውነትን ከመናገር የሚያግድ ሳይሆን፥ እውነት ሳያቆስል ሊነገር የሚችልበት ስፍራ ነው።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሐዋርያት ኅብረትም ይህንኑ ያስተምረናል። ከዐሥራ ሁለቱ መካከል ማቴዎስ ቀራጭ ነበር፤ ቀራጮችም ለገዢዎቹ የሚያገለግሉ ናቸው ተብለው በሕዝቡ ዘንድ ይጠሉ ነበር። ስምዖን ደግሞ ቀናተኛው ይባላል፤ ስሙም ለሕዝቡ ሕግና ነፃነት የሚቀና ሰው መሆኑን ያመለክታል። ጌታ ሁለቱን በአንድ ማዕድ አስቀመጣቸው። ስለ ቄሣር ግብር የተከራከሩ እንደ ሆነ ወንጌል አይነግረንም፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዳቸውም ሌላው ካልወጣ አልቀመጥም ማለታቸው አልተጻፈም።

በዚያው ወንጌል ሌላ ዓይነት ወዳጅነትም አለ። ሄሮድስና ጲላጦስ ቀድሞ ጠላቶች ነበሩ፤ ወዳጆች የሆኑትም ጌታን አንዱ ወደ ሌላው ልኮ በተዘባበቱበት ቀን መሆኑን ቅዱስ ሉቃስ ይነግረናል። በሦስተኛ ሰው መከራ የተገዛ ዕርቅ ይህን ይመስላል። ስለዚህ ማንኛውንም ወዳጅነት የምንመዝንበት መለኪያ ተሰጥቶናል፤ ይኸውም፦ የእኛ መስማማት ዋጋውን ያስከፈለው ማንን ነው? የሚል ነው።

ይህን መለኪያ ከአሜሪካ ታሪክ በአንድ ምሳሌ እንመርምር። ጆን አዳምስና ቶማስ ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1776 የነፃነቱን ዐዋጅ እንዲያዘጋጁ ከተመረጡት መካከል ነበሩ፤ ወዳጆችም ነበሩ። በ1800 ግን ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ፤ ደጋፊዎቻቸውም በጋዜጣ እጅግ አስነዋሪ ስድብ ተሰዳደቡ። አዳምስ ተሸንፎ፥ ጀፈርሰን ቃለ መሐላ በሚፈጽምበት በማርች 4 ቀን 1801 ጎሕ ሳይቀድ ከዋናው ከተማ ወጥቶ ሄደ። ከዐሥር ዓመት በላይ ተኳረፉ። ያስታረቃቸው ቤንጃሚን ረሽ የተባለ የሁለቱም ወዳጅ የሆነ ሐኪም ነው፤ እርሱም ከ1809 ጀምሮ ወደ አንዱም ወደ ሌላውም እየጻፈ ደጋግሞ ለመናቸው። በመጨረሻ በጃንዋሪ 1 ቀን 1812 ተሸናፊው አዳምስ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ላከ። ከዚያ በኋላ ከመቶ ሃምሳ የሚበልጡ ደብዳቤዎች ተጻጻፉ፤ የፖለቲካ አሳባቸው አንድ አልሆነም፤ ወዳጅነታቸው ግን ጸና። ሁለቱም ያረፉት በአንድ ቀን፥ ጁላይ 4 ቀን 1826፥ የነፃነቱ ዐዋጅ በወጣ በሃምሳኛው ዓመት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ፤ የምንጠነቀቅበትም አለ። የምንማረው፥ ዕርቅ ብዙ ጊዜ በራሱ እንደማይመጣና እንደ ረሽ ያለ ታጋሽ ሽማግሌ እንደሚያስፈልገው ነው። የምንጠነቀቅበት ግን ይህ ነው፤ ጀፈርሰን በባርነት የያዛቸው ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ አዳምስ አንድም ባሪያ አልነበረውም። ሆኖም በእነዚያ ሁሉ ደብዳቤዎች ስለ ባርነት የተነጋገሩት እጅግ ጥቂት ነው። ወዳጅነታቸው መልካም ነበር፤ ነገር ግን በማዕዱ ያልተቀመጠው ሰው መከራ ተዘነጋ። እኛም የፖለቲካ ልዩነታችንን ለሰላም ስንል ስንሸፍን፥ የሕፃኑም የስደተኛውም ድምፅ ከጨዋታችን እንዳይጠፋ መጠንቀቅ አለብን።

እንግዲህ በምርጫ ሰሞን ምን ማድረግ ይገባናል? በመጀመሪያ፥ ለወዳጃችን ከመመለሳችን በፊት፥ የእርሱን ምክንያት እርሱ ራሱ «አዎን፥ እንዲህ ነው ያልሁት» እስኪል ድረስ መልሰን እንናገርለት። ሁለተኛ፥ ሥራውን ብንነቅፍ እንኳ ልቡን አውቃለሁ አንበል፤ ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነውና። ሦስተኛ፥ ወዳጃችን የሰውን ክብር የሚያዋርድ ቃል ቢናገር፥ ጌታ እንዳስተማረን ለብቻችን ሄደን ፊት ለፊት እንንገረው፤ በሌሎች ፊት አናዋርደው። ባይሰማን በዚያ ነገር ከእርሱ ጋር አለመተባበር ግዴታችን ነው፤ ይሁንና በሩ ክፍት ይሁን። በመጨረሻም፥ ዕጩው ያሸነፈለት ሰው ቀድሞ ወደ ተሸነፈው ወዳጁ ይሂድ፤ ስለ ድሉ ሊናገር ሳይሆን የወዳጁን ፍርሃት ሊሰማ። አዳምስ ተሸናፊ ሆኖ ሳለ ቀድሞ ጻፈ፤ አሸናፊው ቀድሞ ቢጽፍ ኖሮ ምናልባት ያ ሁሉ ዓመት በከንቱ ባላለፈ ነበር።

ወደ ሁለቱ አበልጆች እንመለስ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዱስ ቁርባን የምትቀበልበት ቀን ደረሰ። እርሷም «የክርስትና አባቴ ከጎኔ ይቆማል?» ብላ ጠየቀች። አባቷ ሌሊቱን ሳይተኛ አደረና በማግስቱ ወደ አበልጁ ቤት ሄደ። በበሩ ቆሞ፦ «ስለ ሕፃናቱ የማምነውን አልተውሁም። ነገር ግን ደም አለብህ ያልሁህ ሐሰት ነው፤ ይቅር በለኝ» አለው። ሌላውም፦ «እኔም መንገዱን ረሳህ ያልሁህ ሐሰት ነው። ያን ክረምት አብረን አይደለም ወይ ያሳለፍነው? ግባ» አለው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2024 ምርጫው ሲመለስ ሁለቱም እንደ ቀድሞው ለየወገናቸው ድምፅ ሰጡ፤ የአባትየውም ወገን አሸነፈ። በማግስቱ ጠዋት ስልኩን አንሥቶ የደወለው እርሱ ነበር። አበልጁ የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ያልጸናለት ወንድም ስላለው፥ ስለ ውጤቱ አንዲት ቃል ሳይናገር «ወንድምህ እንዴት አደረ?» ብሎ ጠየቀው። በሚቀጥለው ሳምንትም ከሁለቱ ወንድማማቾች ጋር ወደ ጠበቃ ቤት አብሮ ሄደ። ክርክራቸው እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ ምናልባት በዚህ ዓለም ላይፈታ ይችላል። ዲያቆኑ በቅዳሴ ጊዜ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝዝ ግን ሁለቱ አሁን በአንድ ረድፍ ይቆማሉ። ለእኛም ጌታ ይህን ጸጋ ያድለን።